«አቤት» የማይል ጣት

ነገሩ የጀመረው ከጣት ነው፤ ከቀኝ እጃችን ሌባ ጣት። (ሁለት ሰዎች እንዴት አንድ ጣት ይኖራቸዋል አትበሉን። እህትና ወንድም ነን፤ ያለን አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ማውዝ፣ አንድ የጨዋታ አካውንት ነው። አንድ አካውንት ለሁለት መጫወት ራሱ በጨዋታው ሕግ ክልክል መሆኑን ያነበብነው ዘግይተን ነው፤ ኑዛዜያችንን ከእሱ ጀምረንላችኋል።) ጣታችን ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ አለ። እናታችን «ምን ስትሠሩበት ነው?» ብላ ስትጠይቅ «ጽሑፍ በዝቶብን» አልናት። ከሁለታችን አንዷ በጋዜጠኝነት የተመረቀች ስለሆነች ውሸቱ ያስኬዳል። እውነቱ ግን ሌሊቱን ድግምት ስንደግም ማደራችን ነበር።

የደብተራ ድግምት እንዳይመስላችሁ። ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ የሚባል የኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ ያለ ነው። ሩንስኬፕን እ.ኤ.አ. በ2001 እንግሊዝ አገር የጀመሩት የጎወር ወንድማማቾች ናቸው። በ2013 የድሮው መልኩ የናፈቃቸው ተጫዋቾች ጎትጉተው አሮጌው ሩንስኬፕ ለብቻው እንደገና ተከፈተ። ሰዎቹ ከሳሙና የተጠረቡ ነው የሚመስሉት። ለእኛ ላፕቶፕ ግን የሚሆናት እሱ ነው፤ ዘመናዊዎቹን ጨዋታዎች ስንከፍትባት እንደ ጀበና ትንተከተካለች። ከፊሉን ያለ ክፍያ መጫወት ይቻላል። እንጨት ትቆርጣላችሁ፣ ዓሣ ታጠምዳላችሁ፣ ማዕድን ትቆፍራላችሁ፤ እያንዳንዱ ሙያ ከ1 እስከ 99 ሌቭል አለው። 99 ለመድረስ 13,034,431 ነጥብ ያስፈልጋል። አዎ፣ እስከ አንዷ ድረስ ነው የሚቆጠረው።

ብቻችንን አልነበርንም። ባደግንበት ግቢ የነበረች፣ ከአንዳችን ጋር ሱዚ፣ ከሌላችን ጋር ብይ የተጫወተች ልጅ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። እዚያ አገር በዋትስአፕ መደወል ዝግ ነው፤ መጻፍ ብቻ ነው የሚቻለው። መጻፍ ደግሞ ያልቃል። «እንዴት ነሽ»፣ «ደህና»፣ «ሥራስ»፣ «ተመስገን» ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? ጨዋታው ከ2018 ጀምሮ በስልክም ስለሚሠራ አስጫንናት። አሠሪዎቿ ሲተኙ ትገባለች፤ እኛም እንገባለን። ድሬይነር በምትባል መንደር ውኃ ዳር ጎን ለጎን ቆመን አኻያ እንቆርጣለን። የቆረጠችውን ገበያ ወስዳ ትሸጣለች። ጨዋታው የእኛን ፊደል ስለማያውቅ የምናወራው በፈረንጅ ፊደል ነው። አንዳንዴ ሰዓት ሙሉ ምንም አንባባልም። እሷ ትቆርጣለች፣ እኛ እንቆርጣለን። አብሮ ምስር እየለቀሙ መቀመጥ በሉት።

ታዲያ ስግብግብነት የማይገባበት የለም። አኻያ መቁረጥ ሰለቸንና አስማት ውስጥ ገባን። ሌቭል 55 ላይ አንድ ድግምት ይፈቀድላችኋል፤ ዕቃን ወደ ወርቅ ሳንቲም የሚለውጥ። በእያንዳንዱ ድግምት 65 ነጥብ ይገኛል፤ ሦስት ሰከንድ ይፈጃል። ሂሳብ የሚሆንለት አንዳችን ቁጭ ብሎ አሰላው፦ ከ55 እስከ 99 በዚህ ድግምት ብቻ ለመድረስ 198 ሺህ ጊዜ ገደማ መድገም ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ሁለት ክሊክ ነው፤ አንዱ ድግምቱ ላይ፣ አንዱ ዕቃው ላይ። ወደ 396 ሺህ ክሊክ ማለት ነው። ያለ ዕረፍት 165 ሰዓት። ከዚያ ሁሉ ክፋቱ፣ ዕቃውን ትክክለኛው ቦታ ላይ ካስቀመጣችሁት ሁለቱም ክሊክ አንድ ቦታ ያርፋል፤ ማውዙን ማንቀሳቀስ እንኳ አያስፈልግም። ማሰብ ቀርቶ ማየት የማይጠይቅ ሥራ ነው። ጣት ብቻ።

ማክሮ የሚባለው ነገር እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ማክሮ ማለት ተከታታይ ትዕዛዝ አንዴ አስተምራችሁት እሱ የሚደግምላችሁ ነገር ነው። እኛ የምናውቀው ከሥራ ነው። ኦቶሆትኪ የሚባል ከ2003 ጀምሮ በነጻ የሚገኝ የዊንዶውስ ፕሮግራም አለ፤ ቃለ መጠይቅ ስንገለብጥ «የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» የሚለውን በሁለት ፊደል ያስጽፈናል። (በዚህ ብቻ ስንት ሰዓት እንዳተረፍን የመንግሥት ሰው አነጋግሮ የሚያውቅ ይገምት።) በእሱ ላይ ጥቂት መስመር ጻፍን፦ ሁለቴ ተጫን፣ ሦስት ሰከንድ ጠብቅ፣ ድገም። ከሁለታችን ማን እንደጻፈው አይጠየቅም። ጨዋታው ማክሮን በግልጽ እንደሚከለክል እናውቅ ነበር። ሕጉ አንድ መጫን ለአንድ ድርጊት ነው፤ ራሱን የሚደግም ነገር የለም። ለራሳችን ያልነው ግን «ማንን ጎዳን? ጣታችን ታሟል» ነው። ጣቱ ለካ ሌባ ጣት የተባለው በምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት ደስ ይል ነበር፤ አንዋሽም። ቫሮክ ከተማ ትልቁ ገበያ መሐል ገጸ ባሕሪያችንን አቁመን፣ ማክሮውን አስነስተን፣ የላፕቶፑን ብርሃን ቀንሰን ተኛን። ጠዋት ስንነሳ ሌቭላችን ጨምሯል። ተኝቶ ማደግ፤ የሕፃናት ጸጋ ነው። ሁለተኛውም ሌሊት እንደዚያው። ዝም ብለን ብንቀመጥ ጨዋታው ራሱ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ያስወጣን ነበር፤ ማክሮው ስለሚጫን ግን «አሉ» ብሎ ይቆጥረናል።

ሦስተኛው ሌሊት ማክሰኞ ነበር። ሌላ ጊዜ ሲጠፋ የምንረግመው መብራት ያን ሌሊት ቀጥ ብሎ አደረ። ኢንተርኔቱም። ጠዋት ስንነሳ ገጸ ባሕሪያችን እዚያው ቆሞ እጁን እያነሳ ይደግማል። ከታች፣ የመልእክት ሳጥኑ ውስጥ፣ ከእሷ የመጡ ሰባት መስመሮች አሉ።

«አላችሁ?»

«አያችኋለሁ እኮ፤ አጠገባችሁ ነኝ»

«ማዳም ወደ ሌላ ቤት ልልክሽ ነው አለችኝ»

«ፓስፖርቴ እሷ ጋ ነው፤ ምን ልበላት?»

«ሥራ በዝቶባችሁ ነው?»

«እሺ»

«ደህና እደሩ»

ከድሬይነር እስከ ቫሮክ በእግሯ መጥታ ነው። ከእንጨቷ ተነሥታ፣ መንገዱን ሁሉ ሄዳ፣ አጠገባችን ቆማ። ስልኳ ብንደውልላት አይሠራም፤ ዋትስአፕ ላይ ጻፍንላት፤ ምልክቱ አንድ እንደሆነ ቀረ፤ ስልኳ ጋ አልደረሰም። ያን ቀን ሥራ አልሠራንም።

ተኝተን ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ አይቆረቁረንም ነበር። ሰው ይተኛል። ጨዋታውን ዘግተን ተኝተን ቢሆን ስማችን በእሷ ዝርዝር ላይ «የሉም» ይል ነበር፤ እሷም ሌላ ሰው ትፈልግ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲጠሯት «አቤት»፣ ሲልኳት «ወዴት» ስትል የምትውል ልጅ ማታ ላይ እሷም በተራዋ ትጣራለች፤ እኛ ደግሞ ዓይኗ ሥር ቆመን፣ እጃችንን እያወዛወዝን፣ አቤት አላልንም። ዩኒቨርሲቲ እያለን ለቀረ ጓደኛ አቴንዳንስ ላይ የምንፈርመው ነገር ትዝ አለን። ስሙ አለ፣ ፊርማው አለ፣ ወንበሩ ባዶ ነው። ያኔ የተታለለው መምህሩ ስለነበር ጀግንነት ይመስለን ነበር።

ከዚያ በኋላ በጸጸት ይሁን በሙያ ልማድ (የተመረቀችው አንዳችን ጸጸቷን የምትወጣው በማንበብ ነው) ስለ ማክሮ ያገኘነውን ሁሉ አነበብን። የጨዋታ ሠሪዎች ከጥንት ጀምሮ ሲፈልጉ የኖሩት ያችኑ «አቤት» ነው። ሩንስኬፕ በልጅነቱ ተጫዋቹን ያደክመው ነበር፤ የድካም መለኪያ አለ፣ ሲሞላ የመኝታ ከረጢት ውስጥ ገብታችሁ ትተኛላችሁ፣ ለመንቃት ደግሞ ሥዕል ላይ የተንጋደደ ቃል አንብባችሁ መጻፍ አለባችሁ። ማሽን ማንበብ አይችልማ። ኋላ ይህ ቀርቶ ድንገተኛ እንግዶች መጡ። ሥራ ላይ እያላችሁ ሳንድዊች የምታዞር ሴት ከየት መጣች ሳትሉ ብቅ ብላ በስማችሁ ትጠራችኋለች፤ ያቀረበችላችሁን ትታችሁ ሌላ ካነሣችሁ በዳቦዋ ትመታችሁና ሌላ ቦታ ትነቃላችሁ። ዛሬ በኦልድ ስኩል ችላ ብትሏትም ምንም አታደርግ፤ ስማችሁን ጠርታ ጠርታ ትሄዳለች። እኛ ተኝተን ስንቴ እንደጠራችን እንጃ።

ከሁሉ ያስገረመን አልቲማ ኦንላይን ነው፤ 1997 የወጣ፣ የእነዚህ ጨዋታዎች አያት። እዚያ ማክሮ ከጨዋታው ጋር አብሮ የተሠራ ነበር፤ ማንም አይቆጣችሁም። የተከለከለው ባለቤቱ ሳይኖር ማክሮው ብቻውን ሀብት ሲሰበስብ ነው። ጥርጣሬ ከተነሣ የጨዋታው ተቆጣጣሪ አጠገባችሁ ብቅ ብሎ ያናግራችኋል። ከመለሳችሁ ሰው አለ። ካልመለሳችሁ የለም። ምርመራው ይኸው ነው። እኛን ያን ማክሰኞ የመረመረችን ተቆጣጣሪ አልነበረችም እንጂ፣ ወድቀናል።

ስለዚህ ማክሮ ሁሉ ርኩስ ነው ልንላችሁ አይደለም። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ውስጥ ማክሮ መጻፊያው ከጨዋታው ጋር ነው የሚመጣው፤ እያንዳንዱ እስከ 255 ፊደል። ጓደኞቹን የሚያክም ተጫዋች «ማውዜ ያረፈበትን ሰው አክም» ብሎ ይጽፍና ከሁለት ክሊክ አንዱን ያተርፋል። ማንን እንደሚያክም የሚመርጠው ግን እሱ ነው፤ አንዴ ሲጫን አንድ ድግምት ብቻ ይወጣል፤ «ሦስት ሰከንድ ጠብቅና ሌላውን ጣል» የሚል ትዕዛዝ የለም። ፋይናል ፋንታሲ 14 ደግሞ ለእጅ ሙያተኞች ለቀቅ ያለ ነው፤ 15 መስመር ይሰጣችኋል፣ መጠበቅም ይፈቅዳል። አንድ ሰይፍ ሲቀጠቀጥ ሻይ ልትጠጡ ትችላላችሁ። ለሚቀጥለው ሰይፍ ግን ተመልሳችሁ ራሳችሁ ታስጀምራላችሁ። የሁለቱም ልክ እኛን ያረካናል። ድግግሞሹን ያቃልላሉ፣ ወንበሩን ግን ባዶ አያደርጉም። የዋርክራፍት ሠሪዎች ግላይደር የተባለውን፣ ባለቤቱ ተኝቶ ጨዋታውን የሚጫወት ፕሮግራም የሠራውን ሰው አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ገትረውት ነበር፤ ክርክሩ እስከ 2010 ይግባኝ ድረስ ሄዷል። እኛ በጥቂት መስመር የሠራነው የእሱን ታናሽ ወንድም ነው።

«ማንን ጎዳን?» ላልነውም መልስ አገኘን፤ አገኘን ሳይሆን ዓይናችን ሥር ነበር። ያ ድግምት ሳንቲሙን ከማንም አይቀበልም፤ ከምንም ይፈጥረዋል። ብር ማተም ነው። ሺህ ሰው እንደኛ ተኝቶ ሲያትም ሳንቲሙ ይረክሳል። እንጨት የሚቆርጡት ማክሮዎች ደግሞ ሌት ተቀን ስለማያርፉ የእንጨትን ዋጋ ያወርዱታል። ሁለቱን ደምሩት፦ በስልኳ፣ በሌሊት፣ በእጇ አኻያ ቆርጣ የምትሸጥ ልጅ የምታገኘው ሳንቲም ያንሳል፣ ያገኘችውም አይገዛላትም። እኛ ከጎኗ ተነሥተን የሄድነው ይህን ልናደርግ ነበር። (ቶሎ ደግሞ «ማሽን ነህ» ብላችሁ ሰው ላይ አትዝመቱ። የቬንዙዌላ ገንዘብ መና በቀረበት ጊዜ እዚሁ ጨዋታ ውስጥ አረንጓዴ ዘንዶ እየገደሉ፣ ወርቁን በዶላር እየሸጡ ቤታቸውን የደጎሙ ሰዎች ነበሩ። ወርቅ መሸጡ በሕጉ ክልክል ነው፤ ግን ሲደጋግሙት የዋሉት በገዛ እጃቸው ነበር። ተጫዋቾች እያደኑ ሲገድሏቸው ነበር።)

እዚህ ላይ ሁለታችን እስከ ዛሬ አልተስማማንም። አንዳችን «396 ሺህ ክሊክ የሚጠይቅ ጨዋታ የሠራ ሰው ነው መጀመሪያ ጥፋተኛው» ይላል። ማሰብ የማይጠይቅ ሥራ ለሰው መስጠት በራሱ ነውር ነው፤ እጁ በእውነት የታመመ፣ ጣቶቹ የማይታዘዙለት ተጫዋችስ ምን ያድርግ? ይህ ጥያቄ የዋዛ አይደለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አንዷን ክሊክ ወደ ኪቦርድ ወይም ወደ እግር መርገጫ ማዛወር ራሱን ከሚደግም ማክሮ ጋር አንድ ሊሆን አይገባም፤ እሱ እዚያ አለ፣ የተጫነው እሱ ነው። ሌላችን ደግሞ «99 ማን አስገደደን?» ትላለች። እውነት ነው፣ ማንም አላስገደደንም። ጣታችን ያመመው ከአኻያው ዛፍ ሥር ሳይሆን ገበያው ላይ ነው። አኻያ ስትቆርጡ አንዴ ተጭናችሁ ዛፉ እስኪወድቅ እጃችሁን ታሳርፋላችሁ። ለማውራት የሚበቃ ጊዜ ነው።

እሷ ለሁለት ቀን ጠፋች። ሐሙስ ሌሊት፣ በእኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ስሟ አረንጓዴ ሆነ። ድሬይነር ነች። ሮጠን ሄድን። ቤቱ ተቀይሯል፤ አዲሲቷ ማዳም ሦስት ልጆች አሏት፣ ስልክ የምትፈቅደው ከሥራ በኋላ ብቻ ነው፤ ፓስፖርቱ ከአሮጌዋ ወደ አዲሲቷ ተላልፏል እንጂ እሷ እጅ አልገባም። ይህን ሁሉ በሦስት መስመር ጻፈችው። ስለ ማክሰኞ ምንም አላለችም።

እኛ አነሣነው። ተኝተን እንደነበር፣ እጃችንን ሲያነሣ የነበረው ፕሮግራም እንደሆነ፣ ጠዋት እንዳነበብነው። በፈረንጅ ፊደል «ይቅርታ» ብሎ መጻፍ ደግሞ እንዴት እንደሚያስጠላ።

ዛፉ ወደቀ። ሌላ ዛፍ ጋ ሄደች። ተከተልናት።

«እኔ እኮ እስከ ስምንት ሰዓት አጠገባችሁ ቆሜ ነበር» አለች። «ባትመልሱም እጃችሁ ሲንቀሳቀስ ሳይ፣ አሉ፣ ሥራ ይዘው ነው ብዬ። ብቻዬን አይደለሁም ብዬ ነው የተኛሁት።»

ምን ይባላል? ከሁለታችን ሁሌ ቃል የማያልቅባት አንዳችን ኪቦርዱን ለሌላው ሰጠችው። እሱም መለሰላት።

«ታዲያ ማን ነበር?» አለች።

«ማንም» ብለን ጻፍን።

ማክሮውን ያን ሌሊት አጠፋነው፤ ቃለ መጠይቅ ማስጻፊያውን ግን ትተነዋል። ያገኘነውን ሌቭል መመለሻ ስለሌለው አብሮን አለ፤ ባየነው ቁጥር ያሳፍረናል። እሷም ይቅር ያለችን ይመስለናል፤ ግን አንድ ልማድ አመጣች። ከመቀመጧ በፊት፣ ሰላምታ እንኳ ሳይቀድም፣ «እስቲ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ» ትላለች። እንሄዳለን። «አሁን ተመለሱ።» እንመለሳለን። ከዚያ ነው ወሬ የምትጀምረው። ትናንት ማታ ሦስት ጊዜ ዛፉን አስዞረችን።